ሃይማኖትን መሠረት ያላደረገ ግብረ ገብነት፤ ከሰሜን ሸዋ ኑሮ የሚገኝ ትምህርት

መግቢያ

በአንኮበር ወይም በደብረ ብርሃን በሚገኝ አንድ የመንግሥት ትምህርት ቤት መምህሩ ለታናናሽ ተማሪዎች «የሰው ገንዘብ መውሰድ ክፉ ሥራ ነው» ብሎ ሲያስተምር፣ ከሕፃናቱ አንዱ «ለምን?» ብሎ ቢጠይቀው ምን መልስ ሊሰጥ ይገባዋል? ጥያቄው ሲያዩት ቀላል ይመስላል። መምህሩ ያደገበትን ሃይማኖት ጠቅሶ ቢመልስ፣ የእርሱን ሃይማኖት የሚከተሉት ልጆች ይረካሉ። በዚያው አግዳሚ ወንበር ላይ የተቀመጠው የሌላ ሃይማኖት ተከታይ ልጅ ግን ትእዛዙ ለእርሱ የተነገረ መሆኑን ይጠራጠራል። «ሕግ ስለሚቀጣ ነው» ቢል ደግሞ፣ ሕግ አስከባሪ በሌለበት ቦታ መስረቅ ነውር አይደለም የሚል ትርጉም ሊያስከትል ይችላል። «ባህላችን ስለሆነ ነው» የሚለውም መልስ ቢሆን በባህል ውስጥ የሚገኘው ሁሉ መልካም ነውን? የሚል ሌላ ጥያቄ ይወልዳል።

ስለዚህ ልዩ ልዩ ሃይማኖት ያላቸው፣ ምናልባትም የማናቸውም ሃይማኖት ተከታይ ያልሆኑ ሰዎች በአንድነት ሊቀበሉት የሚችሉት የግብረ ገብነት መሠረት ምን እንደሆነ መመርመር ለትምህርት ሥራ እጅግ አስፈላጊ ነው። የዚህ ጽሑፍ ዓላማም ይህንኑ ማብራራት ነው። ማብራሪያውም በሩቅ አገር ፈላስፎች ሐሳብ ላይ ብቻ የተመሠረተ እንዳይሆን፣ በሰሜን ሸዋ ሕዝብ ኑሮ ውስጥ ከሚታዩት ልማዶች ይነሣል።

ከዚህ ላይ በቅድሚያ ሊጤን የሚገባው አንድ ነገር አለ። ሃይማኖትን መሠረት ያላደረገ ግብረ ገብነት ማለት ሃይማኖትን የሚቃወም ግብረ ገብነት ማለት አይደለም። በሰሜን ሸዋ ከሚኖረው ሕዝብ አብዛኛው የኦርቶዶክስ ተዋሕዶ እምነት ተከታይ ሲሆን፣ በተለይ በምሥራቃዊው ቆላና በተዳፋቱ አካባቢ ብዙ ሙስሊሞች ይኖራሉ፤ በከተሞችም የወንጌላውያን አብያተ ክርስቲያናት ምእመናን አሉ። ለእነዚህ ሁሉ ሃይማኖታቸው የመልካም ጠባይ ምንጭ ነው። የሚፈለገው ነገር፣ ከምንጮቹ አንዱን ብቻ ሳይዙ ሁሉም ሊቀዱበት የሚችሉትን የጋራ ወንዝ ማግኘት ነው።

የሕጉ መሠረት

በኢትዮጵያ ይህ ጥያቄ በትምህርት ቤት የተነሣው ከሕግ ለውጥ ጋር ነው። በ1948 ዓ.ም. ተሻሽሎ የወጣው ሕገ መንግሥት የኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያንን የመንግሥቱ ቤተ ክርስቲያን አድርጎ ደንግጎ ነበር። በዚያ ዘመን በየትምህርት ቤቱ ይሰጥ የነበረው የግብረ ገብ ትምህርትም ከዚሁ እምነት ጋር የተቆራኘ ነበር። ከ1966 ዓ.ም. አብዮት በኋላ ግን የግብረ ገብ ትምህርት ቀርቶ በፖለቲካ ትምህርት ተተካ። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ የሥነ ዜጋና ሥነ ምግባር ትምህርት እንዲስፋፋ መንገድ የከፈተ ሲሆን፣ በቅርብ ዓመታት በተሻሻለው ሥርዓተ ትምህርት ደግሞ ግብረ ገብ ራሱን የቻለ ትምህርት ሆኖ ወደ አንደኛ ደረጃ ተመልሷል።

በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 11 መንግሥትና ሃይማኖት የተለያዩ መሆናቸውን፣ በአንቀጽ 27 የእያንዳንዱ ሰው የእምነት ነፃነት የተጠበቀ መሆኑን፣ በአንቀጽ 90 ደግሞ ትምህርት ከሃይማኖትና ከፖለቲካ አመለካከት ተጽዕኖ ነፃ በሆነ መንገድ ሊካሄድ እንደሚገባው ይደነግጋል። በመሆኑም የዛሬው የግብረ ገብ መምህር ሁለት ግዴታ አለበት። ልጆቹን በመልካም ጠባይ ማነጽ አለበት፤ ይህንንም ሲያደርግ የአንዱን ሃይማኖት ትምህርት ለሌላው ልጅ መስጠት አይገባውም። እነዚህን ሁለት ግዴታዎች አስታርቆ ለመፈጸም የሚችለው ለመልካም ጠባይ የጋራ ምክንያት ሊያቀርብ የቻለ እንደሆነ ብቻ ነው።

ታሪክ የሚያስገነዝበው

የሰሜን ሸዋ ታሪክ የሰዎችን ኑሮ በአንድ እምነት ውሳኔ ለመምራት የተደረጉ ሙከራዎችን ያሳያል። ደብረ ብርሃንን የቈረቈሩት ዓፄ ዘርዓ ያዕቆብ (ከ1434 እስከ 1468 እ.ኤ.አ. የነገሡ) በሃይማኖት ድርሰቶቻቸው የታወቁ ሊቅ ንጉሥ ነበሩ። ነገር ግን ከእርሳቸው ሥርዓት የተለየ አቋም በያዙት በደቂቀ እስጢፋኖስ ላይ ጽኑ ቅጣት እንዳደረሱ ይታወቃል። ከአራት መቶ ዓመታት በኋላም፣ በ1870 ዓ.ም. ንጉሥ ምኒልክ ከደብረ ብርሃን ብዙም በማይርቀው በልቼ ለዓፄ ዮሐንስ 4ኛ ከገበሩ በኋላ፣ በዚያው ዓመት በቦሩ ሜዳ በተደረገው ጉባኤ በሸዋ ተስፋፍቶ የነበረው የሦስት ልደት ትምህርት ተወገዘ፤ የወሎ ሙስሊም መኳንንትም እንዲጠመቁ ተገደዱ።

እነዚህ ድርጊቶች በዘመናቸው የአገር አንድነትን ለማጽናት ታስበው የተፈጸሙ ናቸው። ይሁን እንጂ የሰውን አፍ ማስገደድ የሚቻል ቢሆንም ልቡን ማስገደድ እንደማይቻል ያስረዳሉ። በግድ የተቀበሉት ትእዛዝ አስገዳጁ ሲርቅ አብሮት ይርቃልና ግብረ ገብነት ሊባል አይችልም።

በአንጻሩ ደግሞ በዚያው አውራጃ፣ በዚያው ዘመን፣ ማንም ሳያስገድዳቸው ልዩ ልዩ እምነት ያላቸው ሰዎች የጋራ የጠባይ ሕግ አበጅተው ይኖሩ ነበር። ይህንንም ለመረዳት ከቤተ መንግሥቱ ወደ ገበያው መውረድ ይገባል።

የገበያው ሕግ፤ እውነተኛነት

ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ (ከ1813 እስከ 1847 እ.ኤ.አ.) ሸዋን ሲገዙ፣ ከአንኮበር ተራራ በስተምሥራቅ ቁልቁል በሚገኘው በዓሊዩ አምባ ታላቅ ገበያ ይቆም ነበር። ከደጋው የሚወርደው ክርስቲያን ገበሬ እህሉን፣ ከቆላው የሚወጣው አፋር አሞሌ ጨውን፣ የአርጎባውና የሐረሩ ነጋዴ ደግሞ ጨርቅና ልዩ ልዩ ሸቀጥ ይዘው እዚያ ይገናኙ ነበር። በ1841 እ.ኤ.አ. ወደ ሣህለ ሥላሴ የመጣው የእንግሊዝ መልእክተኛ ቡድን አባሎችም ይህንኑ ገበያ አይተው ጽፈዋል።

እነዚህ ሰዎች በአንድ መቅደስ አይጸልዩም፤ በአንድ ማዕድ ሥጋ አይበሉም፤ ቋንቋቸውም ልዩ ልዩ ነበር። ሆኖም ሻጩ መስፈሪያውን ካጐደለ፣ ገዢው ተሸራርፎ ያነሰውን አሞሌ እንደ ሙሉ አድርጎ ከከፈለ፣ ወይም በዱቤ የወሰደውን ከካደ ገበያው ይፈርሳል። የሩቅ አገር ነጋዴ ሁለተኛ ወደዚያ አይመለስም። ስለዚህ እውነት መናገርና ቃልን መጠበቅ ለእነዚህ ሁሉ የኑሮ አስፈላጊነት ነበር። አንዱ እውነተኛነትን ከወንጌል፣ ሌላው ከቁርዓን ተምሮት ሊሆን ይችላል። በገበያው ውስጥ ሁለቱን ያገናኛቸው ግን ውሸት የነገሠበት ቦታ ለማንም እንደማይበጅ ሁለቱም መረዳታቸው ነው።

ይህ የመጀመሪያው መመሪያ ነው። የሰው ልጅ ያለ መተማመን በኅብረት ሊኖር አይችልም፤ መተማመንም ያለ እውነት አይቆምም። ይህን ለመረዳት የጋራ ጸሎት አያስፈልግም፤ የጋራ ኑሮ ይበቃል።

ወንፈል፣ ደቦና ዕድር፤ መተጋገዝ

ሁለተኛው መመሪያ ከእርሻው ሥራ የሚገኝ ነው። በሰሜን ሸዋ ገበሬ ዘንድ ወንፈል የሚባለው ልማድ ሰዎች ተራ ገብተው አንዱ የሌላውን ማሳ የሚያርሱበት፣ የሚያርሙበት ወይም የሚያጭዱበት ሥርዓት ነው። ዛሬ ለጎረቤቱ አንድ ቀን የሠራ ሰው ነገ አንድ ቀን ይሠራለታል። ደቦ ደግሞ ባለጉዳዩ ምግብና ጠላ አዘጋጅቶ ብዙ ሰው የሚጠራበት ነው፤ የጉልበቱ አጸፋ እንደ ወንፈል በቀን አይቈጠርም። ወንፈል ፍትሕን ያስተምራል፤ የተደረገልህን ያህል አድርግ ይላል። ደቦ ግን ከዚህ አልፎ ይሄዳል። ባሏ የሞተባት ሴት፣ በሬው የሞተበት ገበሬ፣ ወይም በሕመም የተኛ ሰው ብድሩን በጉልበት ለመመለስ ባይችልም እህሉ በማሳው ላይ አይቀርም። በዚህም ምክንያት የአካባቢው ልማድ ሁለት የተለያዩ የግብረ ገብ ደረጃዎችን ለይቶ ያውቃል ለማለት ይቻላል፤ እነርሱም እኩል መመለስና ሳይመልሱ መቀበል ለማይቀርለት ሰው መራራት ናቸው።

በደብረ ብርሃንና በሌሎች ከተሞች ይህንን ሥራ በይበልጥ የያዘው ዕድር ነው። የዕድርተኛው መዋጮ አነስተኛ ነው። ሰው በሞተ ጊዜ ግን ድንኳኑ፣ ወንበሩና ዕቃው ይቀርባል፤ አባላቱም ከሐዘንተኛው ጋር ይቀመጣሉ። በቤተ ክርስቲያን ወይም በመስጊድ ዙሪያ የተቋቋሙ ዕድሮች ቢኖሩም፣ በሰፈር ወይም በሥራ ቦታ የተመሠረቱት የልዩ ልዩ እምነት ተከታዮችን ያቅፋሉ። በእነዚህ ዘንድ መቃብሩ ለየብቻ ቢሆንም ድንኳኑ አንድ ነው። የዕድር መተዳደሪያ ደንብ አባሉ ምን እንደሚያምን አይጠይቅም፤ በወንድሙ ሐዘን ቀን መገኘቱን ይጠይቃል። ያልተገኘም ይቀጣል።

ከዚህ ጋር ተያይዞ የሚታይ ሌላ መልካም ልማድ አለ። ክርስቲያን ባለ ሠርግ ሙስሊም ጎረቤቱን ሲጠራ፣ ለእርሱ የሚሆነውን ከብት ሙስሊም እንዲያርድለትና በተለየ ድስት እንዲሠራለት ያደርጋል፤ ሙስሊሙም እንዲሁ ያደርጋል። ጠሪው የእንግዳውን ሥርዓት አያምንበትም። ነገር ግን ጎረቤቱ ያከበረውን በማክበር ራሱን ጎረቤቱን ያከብራል። አንድ ሰው የማያምንበትን ነገር ስለ ሌላው ሰው ክብር ብሎ ሲጠብቅ መሪው የሰውነት ክብር መሆኑን መገንዘብ አያዳግትም።

ሽምግልናና ጓሳ፤ ፍትሕና ለመጪው ትውልድ ማሰብ

ሦስተኛው መመሪያ ፍትሕ ነው። ሁለት ሰዎች ሲጣሉ ሽማግሌዎች ከጥላ ሥር ተቀምጠው መጀመሪያ ከሳሽን፣ ቀጥሎ ተከሳሽን ያለ ማቋረጥ ያዳምጣሉ። ሽማግሌ ለመሆን የሚመረጠው በዕድሜ ብቻ ሳይሆን አድልዎ የማያውቅና ምስጢር የሚጠብቅ መሆኑ የታወቀለት ሰው ነው። ሥርዓቱ በጸሎት ወይም በምርቃት ሊከፈትና ሊዘጋ ይችላል። ውሳኔው ተቀባይነት የሚያገኘው ግን ሁለቱም ወገኖች መደመጣቸውን ሲያምኑ ነው። «ሌላውን ሳትሰማ አትፍረድ» የሚለው ሕግ ለሰው ልጅ ሁሉ አንድ ነው።

አራተኛው መመሪያ ገና ያልተወለዱትን ይመለከታል። በመንዝ ጓሳ በሚባለው ደጋ ምድር የሚበቅለው የጓሳ ሣር ለቤት ክዳንና ለገመድ ሥራ ያገለግላል። የአካባቢው ሕዝብ ለብዙ ዘመን በመረጣቸው አባቶች እየተመራ ምድሩን ለተወሰኑ ዓመታት ይዘጋው፣ ሣሩ ሲበስልም በስምምነት ይከፍተው ነበር። ያ ሥርዓት በ1967 ዓ.ም. ከታወጀው የገጠር መሬት ዐዋጅ በኋላ ቢፈርስም፣ ሕዝቡ ጥበቃውን በአዲስ መልክ አቋቁሞታል። ቀይ ቀበሮና ጭላዳ ዝንጀሮም እስከ ዛሬ ድረስ ይኖሩበታል። ዛሬ ሣሩን ለማጨድ የሚችለው ሰው እጁን የሚሰበስበው ነገ ለሚመጣው ብሎ ነው። ያ የነገ ሰው ሊያመሰግነውም ሊቀጣውም አይችልም። ስለዚህ ይህ ልማድ ብድር ከመመለስ ሕግ የሚበልጥ የኃላፊነት ስሜት ያሳያል።

የልማድ ጉድለትና የኅሊና ሚዛን

እስከዚህ ድረስ የተጠቀሱት ልማዶች የሚያስመሰግኑ ናቸው። ሆኖም ባህል ሁሉ መልካም ነው ብሎ መደምደም ታላቅ ስሕተት ይሆናል። በዓሊዩ አምባ በኩል በሚያልፈው የንግድ መንገድ ከጨውና ከጨርቅ ጋር ሰዎችም በባርነት ይሸጡ ነበር። መስፈሪያውን የማያጐድለው ነጋዴ፣ ቃሉን የሚጠብቀው ገዢ፣ ክርስቲያኑም ሆነ ሙስሊሙ፣ ይህንን ንግድ እንደ ነውር ሳይቈጥሩት ብዙ ዘመን ኖረዋል። ባርነት በኢትዮጵያ በዐዋጅ ፈጽሞ የተሻረው በ1934 ዓ.ም. ነው።

ከዚህ ያላነሰ ሌላ ምሳሌም አለ። በሸዋ የማረሻ ብረት የሚቀጠቅጠው፣ ሸክላ የምትሠራው፣ ሸማ የሚሸምነውና ቆዳ የሚፍቀው ባለሙያ ያለ እርሱ ሥራ ገበሬው ሊያርስም፣ እመቤት እንጀራ ልትጋግርም እንደማይቻል እየታወቀ «ጠይብ»፣ «ቡዳ»፣ «ፋቂ» እየተባለ ይናቅ ነበር። በደቦው ላይ ቢጠራም በጋብቻ አይፈለግም። ዓፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን በሥራው መስደብን የሚከለክል ዐዋጅ አስነገሩ። ዐዋጁ ስድቡን ከለከለ እንጂ ንቀቱን ከሰዉ ልብ ጨርሶ ለማውጣት አልቻለም። ዛሬም ቢሆን የሸክላ ሠሪዋ ልጅ በትምህርት ቤት አጥር ውስጥ ያንን የቆየ ስም ብትሰማ፣ «ባህላችን ነው» የሚለው መልስ ለመምህሩ ምን ይጠቅመዋል?

ከዚህ የተነሣ ልማድን የሚመዝን ሌላ ሚዛን አስፈላጊ ይሆናል። ይህም ሚዛን በኢትዮጵያ የጽሑፍ ቅርስ ውስጥ የሚገኝ ነው። «ሐተታ ዘርዓ ያዕቆብ» የተባለው የግእዝ መጽሐፍ፣ በራሱ ትረካ መሠረት፣ በአክሱም አካባቢ ተወልዶ በእንፍራዝ የኖረ በዐሥራ ሰባተኛው መቶ ዓመት የነበረ ፈላስፋ ሥራ ነው። ይህ ዘርዓ ያዕቆብ ከደብረ ብርሃኑ ንጉሥ ጋር በስም ይመሳሰላል እንጂ ሌላ ሰው ነው። ካርሎ ኮንቲ ሮሲኒ የተባለው ኢጣልያዊ ሊቅ በ1920 እ.ኤ.አ. መጽሐፉ በዐሥራ ዘጠነኛው መቶ ዓመት በአንድ ኢጣልያዊ ሚሲዮናዊ የተደረሰ ነው ሲል ተከራክሯል። በ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ያስተምሩ የነበሩት ክሎድ ሰምነር ደግሞ የኢትዮጵያዊ ሥራ መሆኑን ደግፈው ጽፈዋል። ክርክሩ እስከ ዛሬ ቀጥሏል። የደራሲው ማንነት ቢያከራክርም መጽሐፉ ያቀረበው ዘዴ ግን ግልጽ ነው። ደራሲው በፈጣሪ ያምናል፤ ነገር ግን የክርስቲያኑንም፣ የሙስሊሙንም፣ የአይሁዱንም ሥርዓት በልቡና ብርሃን ይመረምራል። ሰዎች ሁሉ እኩል ሆነው ተፈጥረዋልና ሰውን እንደ ከብት መሸጥ ከተፈጥሮ ሕግ ጋር እንደማይስማማ፣ ባልና ሚስትም በጋብቻ እኩል መሆናቸውን ይገልጻል።

በአውሮፓም ጀርመናዊው ፈላስፋ ካንት በ1785 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ሥራው ተመሳሳይ ሚዛን አቅርቧል። ሐሳቡ ባጭሩ ሲገለጽ፣ አንድ ሰው የሚሠራበት መመሪያ ለሰው ሁሉ ሕግ ቢሆን ሊቀበለው የሚችል መሆኑን ራሱን ይጠይቅ፤ ሰውንም ለጥቅሙ መሣሪያ ብቻ አያድርግ የሚል ነው። የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት በ1948 እ.ኤ.አ. ያወጣው ዓለም አቀፍ የሰብአዊ መብቶች መግለጫም በዚሁ መንገድ የተዘጋጀ ነው። በዝግጅቱ ጊዜ የፈጣሪ ስም እንዲጠቀስ ሐሳብ ቀርቦ የነበረ ቢሆንም፣ ልዩ ልዩ እምነት ያላቸውና የማያምኑም ሕዝቦች ሁሉ እንዲቀበሉት ሲባል ሳይጠቀስ ቀርቶ፣ ሰው ሁሉ ልቡናና ኅሊና ያለው ሆኖ በክብር እኩል መወለዱ መሠረት ተደርጓል። ኢትዮጵያም መግለጫውን ከደገፉት አገሮች አንዷ ነበረች።

በዚህ ሚዛን ሲመዘኑ ወንፈልና ሽምግልና ሲጸኑ፣ የባለሙያ ንቀትና ባርነት ይወድቃሉ። ምክንያቱም መመሪያው የሚያርፍበት ሰው ራሱ ተጠይቆ ሊቀበለው አይችልም። ስለዚህ አምስተኛውና ሌሎቹን ሁሉ የሚመዝነው መመሪያ የሰው እኩልነት ነው። ልማድ ጠባይን ያለማምዳል፤ ኅሊና ደግሞ ልማድን ያርማል። አንዱ ያለ ሌላው ሙሉ አይሆንም።

አንድ የቅርብ ሙከራ

እነዚህን መመሪያዎች ከሃይማኖት ተቋም ውጭ ወደ ኑሮ ለመለወጥ ከተደረጉት ሙከራዎች መካከል የአውራ አምባ ማኅበረሰብ የታወቀ ነው። ማኅበረሰቡ በ1964 ዓ.ም. በዙምራ ኑሩ መሪነት በደቡብ ጎንደር በፎገራ የተመሠረተ ነው። አባሎቹ በፈጣሪ ቢያምኑም ቤተ ክርስቲያንም መስጊድም አላቆሙም። ሴትና ወንድ በሥራ ሳይለያዩ ይሸምናሉ፤ ወንዱም የቤት ሥራ ይሠራል። አረጋውያን በጋራ ይጦራሉ፤ ስርቆትና ውሸት ይወገዛሉ።

ይህም ያለ መከራ የተገኘ አይደለም። ከአካባቢው ሰው በደረሰባቸው ጥላቻ ምክንያት በደርግ ዘመን ከቀያቸው ተሰደው፣ የተመለሱት ከሥርዓቱ መለወጥ በኋላ ነው። አውራ አምባ ለሌሎች መንደሮች ሁሉ እንደ ምሳሌ ይወሰድ ማለት አይቻልም፤ የሰሜን ሸዋ ገበሬም ቤተ ክርስቲያኑን ወይም መስጊዱን ይተው የሚል የለም። ሙከራው የሚያስረዳው፣ የሃይማኖት ሥርዓት የማይፈጽም ሕዝብ ሥርዓት አልባ ይሆናል የሚለው ሥጋት በራሱ ትክክል አለመሆኑን ነው።

«ፍርሃት ከሌለ ምን ያግደዋል?»

ብዙ ወላጆች የሚያነሡት ተቃውሞ አለ። ይኸውም «ሰው ፈጣሪን የማይፈራ ከሆነ በጨለማ ምን ያግደዋል?» የሚለው ነው። ጥያቄው ቀላል ተብሎ የሚታለፍ አይደለም። ለብዙ ሰዎች ፈሪሃ እግዚአብሔር በእርግጥ ከክፉ ሥራ የሚጠብቅ ጽኑ አጥር ነው፤ ይህንን አጥር ማፍረስ የትምህርት ቤት ሥራ አይደለም። ነገር ግን ሁለት ነገሮችን ማስተዋል ይገባል። አንደኛ፣ የሚፈሩ ሰዎችም ይሰርቃሉ፣ ይዋሻሉ፤ ስለዚህ ፍርሃት ብቻውን በቂ አይደለም። ሁለተኛ፣ እምነቱ በአንድ ወቅት የተናወጠበት ወጣት ጠባዩ ሁሉ በዚያ አንድ ምሰሶ ላይ ብቻ ቆሞ ከነበረ ቤቱ ሁሉ ይፈርስበታል። ከልጅነቱ የሌላውን ሕመም መረዳት፣ ቃሉን መጠበቅና ራሱን መመርመር የለመደ ግን የሚደገፍበት ሌላ ምሰሶ ይኖረዋል።

መልካም ኑሮ የሚባለውም ክፉን ከመተው የሚበልጥ ነው። ጥንታዊው ግሪካዊ ፈላስፋ አሪስጣጣሊስ እንዳስተማረው፣ ሰው ጻድቅ የሚሆነው የጽድቅን ሥራ ደጋግሞ በመሥራት ነው፤ መልካም ኑሮም በሥራ፣ በወዳጅነትና በዕውቀት የሚገለጽ ነው። የሰሜን ሸዋ ሕዝብም «ስም ከመቃብር በላይ ይውላል» ሲል፣ ከሞት በኋላ ስላለው ዓለም ማንም የፈለገውን ቢያምን፣ በዚህ ዓለም የሚቀረው ሥራ መሆኑን መናገሩ ነው። ሃይማኖት የሌለው ሰውም ይህንን የኑሮ ትርጉም ሊይዝ ይችላል።

በክፍል ውስጥ

የልጆችን አስተሳሰብ ያጠናው የስዊዘርላንዱ ሊቅ ፒያጄ በ1932 እ.ኤ.አ. ባሳተመው መጽሐፍ ሕፃናት ብይ ሲጫወቱ ሕግን እንዴት እንደሚረዱ መርምሯል። ታናናሾቹ ሕጉ ከታላላቆች የመጣ ስለሆነ የማይለወጥ ነው ይላሉ። ከፍ ያሉት ግን ሕጉ ተጫዋቾቹ ለጋራ ጥቅም የተስማሙበት መሆኑን ይረዳሉ፤ በዚህም ጊዜ ሕጉን በይበልጥ ያከብሩታል። የኢትዮጵያ ልጆችም ብይ ይጫወታሉና መምህሩ ይህንን ከትምህርት ቤቱ ሜዳ ሊያየው ይችላል።

ከዚህ በመነሣት የሚከተሉትን ዘዴዎች በሥራ ላይ ማዋል ይቻላል።

1. መምህሩ ትእዛዙን ከመናገሩ በፊት ችግሩን በተረት ወይም በአካባቢው ታሪክ መልክ ያቅርብ። «በዓሊዩ አምባ ገበያ ሁሉም ሻጭ መስፈሪያውን ቢያጐድል ምን ይደርስ ነበር?» ብሎ ይጠይቅ። ምክንያቱን ልጆቹ ራሳቸው ያግኙት።

2. በክፍል ውስጥ ጠብ ሲነሣ ተማሪዎቹ ሽማግሌ መርጠው ሁለቱንም ወገን እንዲያዳምጡ ያድርግ። የተጣላው ልጅ የባላጋራውን ነገር በራሱ አፍ እንዲናገር ይጠየቅ።

3. ከአካባቢው ልማዶች አንዱን ወስደው «የዚህ ልማድ ሸክም የሚወድቅበት ሰው ቢጠየቅ ይስማማ ነበርን?» እያሉ እንዲመዝኑ ያለማምዳቸው። የባለሙያዎች ንቀት በዚህ ሚዛን ላይ በግልጽ ይቅረብ።

4. ልጁ ከቤቱ የሃይማኖት ምክንያት ይዞ ቢመጣ አይነቀፍ፤ አይወደስም። «አባትህ እንዲህ ብሎሃል፤ ጎረቤትህ በሌላ መንገድ ወደዚሁ መድረስ ይችላልን?» ተብሎ ወደ ጋራው ምክንያት ይመራ።

5. ከሁሉ በላይ መምህሩ ራሱ ቃሉን ይጠብቅ፣ አያዳላ፣ ሲሳሳትም ይመን። ልጅ ከሚነገረው ይልቅ የሚያየውን ይማራል።

ማጠቃለያ

በመግቢያው ላይ ለተነሣው የሕፃን ጥያቄ መልሱ አሁን ሊሰጥ ይችላል። የሰው ገንዘብ መውሰድ ክፉ የሆነው፣ የተወሰደበት ሰው እንደ አንተው የሚያዝን፣ እንደ አንተው የደከመ፣ ከአንተ ጋር ተማምኖ ሊኖር የሚፈልግ ሰው ስለሆነ ነው። ክርስቲያኑ ልጅ፣ ሙስሊሙ ልጅ፣ የሌላ እምነት ተከታዩም ሆነ እምነት የሌለው ልጅ ይህንን መልስ ያለ ልዩነት ሊረዳው ይችላል። እያንዳንዱ ከቤቱ የተማረውን ቢጨምርበት መልሱ ይጸናል እንጂ አይፈርስም።

«ሃይማኖት የግል ነው፤ አገር የጋራ ነው» የሚለው የታወቀ አባባል ብዙ ጊዜ ስለ መንግሥት አስተዳደር ይጠቀሳል። በትምህርት ቤት ውስጥ ግን የበለጠ ትርጉም አለው። አገር የጋራ የሚሆነው ዜጎቹ በጋራ የሚጠብቁት የጠባይ መመሪያ ሲኖራቸው ነው። ያም መመሪያ ከገበያው፣ ከወንፈሉ፣ ከዕድሩ ድንኳንና ከሽማግሌዎቹ ጥላ ሥር ይገኛል። ከዚያም ተወስዶ በኅሊና ሚዛን ከተመዘነ በኋላ፣ የሸክላ ሠሪዋ ልጅ ሳትቀር ልጆች ሁሉ አንገታቸውን ቀና አድርገው በሚቀመጡበት ክፍል ሊሰጥ ይገባዋል።